ከመግዛት በፊት በሽታውን መለየት

ሰው ሁሉ ከሥራውና ከትምህርቱ በኋላ አእምሮውን የሚያሳርፍበት ጨዋታ ይሻል። አባቶቻችን በገና ሜዳ ላይ ሩር ሲያሳድዱ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገበጣ ሲጫወቱ ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ወጣቶቻችን ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፤ በዱባይ ወይም በጀርመን አገር ከሚገኝ ባላጋራ ጋር በኢንተርኔት መስመር ይጋጠማሉ። ይህን ጨዋታ አንዳንዱ የሥራ ፈት ልማድ ነው ሲል ይነቅፈዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አእምሮን የሚያነቃ ነው ሲል ያመሰግነዋል። እኛ ዛሬ በዚህ ክርክር ውስጥ አንገባም። ልንነጋገርበት የፈለግነው ለጨዋታው ተብሎ ስለሚወጣው ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኮምፒዩተርና ክፍሎቹ የሚመጡት ከውጭ አገር ስለሆነ፤ ዋጋቸውም ዶላሩን ተከትሎ ወጣ። ይህን ዋጋ የሚከፍለው ሰው ደግሞ ባለጸጋ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ደመወዙን ወር ለወር ያጠራቀመ ሠራተኛ አለ፤ ዕቁብ የደረሰው የጨዋታ ቤት ባለቤት አለ፤ እኅቱ በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የላከችለትን ገንዘብ የያዘ ተማሪ አለ። እንዲህ ያለው ገንዘብ አንድ ጊዜ በከንቱ ከወጣ በቶሎ የሚተካ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ይህ ነው። ወጣቱ ወደ ሱቅ ገብቶ «ጨዋታው እየተጎተተ አስቸገረኝ» ይላል። ሻጩም ሌላ ነገር ሳይጠይቅ «ግራፊክስ ካርዱን በትልቅ ለውጠው» ይለዋል። ወጣቱ ያለ የሌለ ገንዘቡን ከፍሎ፤ አዲሱን ካርድ አስገጥሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥዕሉ አምሮለታል፤ ቅጠሉና ውሃው እንደ እውነተኛው ሆኗል። ነገር ግን ጠላቱን ገና ሳያየው ዛሬም ይመታል፤ ከግድግዳ ጀርባ ከተሸሸገ በኋላም ይሞታል። ሐኪም ሆዱን ለታመመ ሰው የዐይን መድኃኒት ቢሰጠው እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል።

እንግዲህ «ይጎተታል» በሚባለው በአንዱ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የሣጥኑ፤ ማለት የኮምፒዩተሩ በሽታ ነው። ኮምፒዩተሩ በየሰከንዱ የሚሥላቸው ሥዕሎች፤ ፍሬም የሚባሉት፤ ቁጥራቸው ሲያንስ ወይም አንዴ በዝቶ አንዴ ሲያንስ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ሁለተኛው የመንገዱ በሽታ ነው። ተጫዋቹ ያዘዘው ነገር ሰርቨር ወደሚባለው ወደ ጨዋታው ዋና ኮምፒዩተር ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ፒንግ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ፤ ማለት በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ፒንጉ ሲበዛ፤ ወይም የሚላከው መልእክት በመንገድ ሲጠፋ፤ ሥዕሉ ቢያምርም ተጫዋቹ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ይታያል፤ የተኮሰውም ጥይት ዘግይቶ ይደርሳል።

ሁለቱን ለመለየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በመስመር ላይ የሚደረጉ ጨዋታዎች አብዛኛዎቹ በቅንብር ገጻቸው ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች በስክሪኑ ጥግ የሚያሳይ ምርጫ አላቸው። ይህን ከፍቶ ሁለት ሦስት ምሽት መጫወትና ጨዋታው በተበላሸ ጊዜ የትኛው ቁጥር እንደ ተለወጠ መመልከት ብቻ ይበቃል። ፍሬሙ ከወደቀ ችግሩ ከሣጥኑ ነው። ፍሬሙ ሳይነቃነቅ ፒንጉ ከዘለለ ግን፤ የመርካቶን ሱቅ ሁሉ ገዝቶ ቢያስገባበት ኮምፒዩተሩ አይድንም።

ስለ መንገዱ ጥቂት እናብራራ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ ሲጓዝ ፍጥነቱ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፤ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የእውነቱ መንገድ ደግሞ ቀጥታ አይደለም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፤ መስመራችን በጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ከባሕር ሥር ገመድ ጋር ይገናኛል። በጅቡቲ በኩል የሚወጣው ቀይ ባሕርን ሽቅብ ተጉዞ፤ ግብፅን አቋርጦ፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ነው አውሮፓ የሚገባው። በየጣቢያው የሚባክነው ጊዜ ሲታከልበት፤ ፒንጉ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። መንገዱም አደጋ አያጣውም፤ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ገመዶች ተቆርጠዋል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጅዳ አቅራቢያ ሌሎች ተቆርጠዋል።

አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ዱባይ ከአዲስ አበባ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ጆሃንስበርግ ደግሞ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ይሁን እንጂ በካርታ ላይ የቀረበ ሁሉ በመስመር የቀረበ ላይሆን ይችላል፤ መልእክቱ ወደ ዱባይ ለመሄድ አስቀድሞ አውሮፓን የሚዞርበት ጊዜ አለና። ስለዚህ ጨዋታው ሰርቨር መምረጥ የሚፈቅድ ከሆነ ሁሉንም እየሞከሩ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ይህ ሥራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው በቤት ውስጥ ያለው መንገድ ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የእርሱ ዋይፋይ ከግራ ቀኝ ጎረቤቶቹ ዋይፋይ ጋር በአንድ አየር ላይ ይጋፋል፤ በተለይ 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለው ሞገድ የተጨናነቀ ነው። ከራውተሩ እስከ ኮምፒዩተሩ የሚዘረጋ ተራ የኔትዎርክ ገመድ ይህን ግፊያ ያስቀራል፤ ዋጋውም ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። በዚያው መስመር ላይ ሌላው የቤተ ሰብ አባል ፊልም የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ በሰዓት መስማማት ይገባል። ካርድ ከመለወጥ በፊት እነዚህን ያላደረገ ሰው ገና ምርመራውን አልጨረሰም።

በሽታው ከሣጥኑ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን የትኛው ክፍል እንደ ታመመ መለየት ይቀራል። ለዚህም ቀላል ፈተና አለ። በጨዋታው ቅንብር ውስጥ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው። የፍሬሙ ቁጥር በጣም ከፍ ካለ ሸክሙ የከበደው ግራፊክስ ካርዱን ነበር ማለት ነው። ጥራቱ ዝቅ ብሎም ቁጥሩ እምብዛም ካልተነቃነቀ ግን የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ካርድ መጨመርም አይረዳውም። እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 ያሉ ጨዋታዎች፤ ተጫዋቾች ጥራቱን ዝቅ አድርገው ብዙ ፍሬም ስለሚሹባቸው፤ የፕሮሰሰሩን ጉልበት አጥብቀው ይፈልጋሉ። ራም 16 ጊጋባይት ቢሆን፤ ይኸውም ባለ 8 ሁለት ሆኖ ቢገባ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ከአንድ ባለ 16 ይሻላል። ኤስኤስዲ ጨዋታውን ፈጥኖ ይከፍታል፤ የፍሬሙን ቁጥር ያበዛል ተብሎ ግን መገዛት የለበትም።

ሞኒተሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 በላይ ሥዕል አያሳይም። ሣጥኑ 200 ሥዕል ቢሥል አብዛኛው ለዐይን ሳይደርስ ይቀራል። በ60 ኸርዝ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል 17 ሚሊሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በ144 ኸርዝ ግን 7 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቂ ፍሬም እያለው በ60 ኸርዝ ሞኒተር የሚጫወት ሰው፤ ካርዱን ትቶ ሞኒተሩን ቢለውጥ ገንዘቡ በዐይኑ ፊት ይታየዋል።

ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስም አያታልለው። አርቲኤክስ 4060 የሚባለው የላፕቶፕ ካርድ እንደ ሠሪው ፋብሪካ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ኃይል ሊሰጠው ይችላል። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሁለት ላፕቶፖች አንድ ስም ተለጥፎባቸው ጎን ለጎን ቢቀመጡም፤ ጉልበታቸው የፈረስና የውርንጭላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ዋቱን መጠየቅ ይገባል።

አሮጌ ዕቃ የሚገዛውማ ይልቁን ይጠንቀቅ። ኤቴርየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ስለ ቀረ፤ ቀንና ሌሊት ሲነዱ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ዓለም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወርደዋል። ከዚህም የከፋ ማጭበርበር አለ። እ.አ.አ. በ2011 የወጣውን ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የውስጥ ስሙን ለውጠው፤ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው ብለው የሚሸጡ አጭበርባሪዎች በዓለም ገበያ ታይተዋል። ጂፒዩ-ዜድ የተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ሐሰተኛ ካርድ ያጋልጣል። እንዲሁም አሮጌ ኮምፒዩተር ሲገዛ ዊንዶውስ 11ን መቀበሉን መጠየቅ ያሻል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷልና።

የመብራቱም ነገር አይዘነጋ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ውድ የሆነውን ክፍል በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል። ለካርዱ ብዙ ብር ከፍሎ፤ ስሙ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ የሚያስገባና ስታብላይዘር የማይገዛ ሰው፤ አዲስ ቤት ሠርቶ መዝጊያ እንደ ነፈገው ሰው ነው። አቧራም የራሱ ጥፋት አለው። ማራገቢያው ሲታፈን ክፍሎቹ ይግላሉ፤ ሲግሉም ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በየጊዜው በጥንቃቄ በማጽዳት ብቻ የጠፋውን ፍሬም መመለስ የሚቻልበት ጊዜ አለ።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ምርመራ የሻጩ ተግባር ነው፤ ገዢው ከየት ያውቀዋል?» ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ሻጩ የሚያተርፈው ካርዱ ሲሸጥ እንጂ ገመድ ሲመከር አይደለም። በዚህ ምክንያት በነጋዴዎቻችን ላይ የምናቀርበው ጥያቄ አለን። ገዢው ዕቃውን ከመክፈሉ በፊት በሱቁ ውስጥ ሥራ ላይ አውሎ ይየው፤ የላፕቶፑ ካርድ ዋት በዋጋው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ አሮጌው አሮጌ ተብሎ ይሸጥ። «ፒንግ ይቀንሳል» ተብሎ የተሸጠ ግራፊክስ ካርድ ግን በሐሰት ሚዛን ከተሸጠ ቅቤ አይለይም። አንድ ገዢ የተታለለበትን ሱቅ ለአሥር ጓደኞቹ እንደሚናገር ነጋዴው ቢያስብ፤ እውነት መናገሩ ለራሱም ትርፍ ነው።

ለመስመር ድርጅቶችም የምንለው አለን። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገዢው አማራጭ አግኝቷል። ሆኖም ማስታወቂያው ሁሉ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚወርድ ይነግረናል እንጂ፤ መልእክቱ በስንት ሚሊሰከንድ ደርሶ እንደሚመለስ አይነግረንም። ለፊልም የሚያስፈልገው የመንገዱ ስፋት ነው፤ ለጨዋታ፤ ለስልክ ንግግርና በርቀት ለሚሰጥ ትምህርት ግን የመንገዱ እጥረት ይበልጣል። የጨዋታ ሰርቨሮች በአዲስ አበባ እንዲቀመጡ ቢደረግ፤ ቢያንስ አገር ውስጥ ያሉ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ መልእክታቸው ባሕር ተሻግሮ መመለስ ባላስፈለገው ነበር። ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይመስለንም።

ወላጆችም ልጃቸው ገንዘብ ሲጠይቃቸው «ለጨዋታ አልሰጥም» ከማለት ወይም ዝም ብሎ ከመስጠት በፊት «ሁለቱን ቁጥሮች ጽፈህ አምጣልኝ» ቢሉት መልካም ነው። ልጁ የሳምንቱን ፍሬምና ፒንግ በወረቀት ላይ አስፍሮ ካመጣ፤ ገንዘቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። ምናልባትም መልሱ ጥቂት ሜትር ገመድ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የፈሰሰ እህል ግን ቢያንስ ይለቀማል፤ በማያስፈልግ ካርድ ላይ የፈሰሰ የዓመት ቁጠባ አይለቀምም። ስለዚህ ኮምፒዩተር ለመግዛት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ ይለካ፤ ቀጥሎ ይለይ፤ በመጨረሻም ይግዛ።