የኅዳር ብርድና የከሰል ምድጃ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለን ሳንጨርስ ኅዳር ደረሰ። ሰሞኑን በማለዳ ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የወረደ ሰው ብርዱን ጆሮው ላይ፣ ጭሱን ጉሮሮው ላይ አግኝቶታል። በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄም አንድ ነው፤ ልጆቹንና አረጋውያኑን በምን እናሙቃቸው? ዛሬ ይህንኑ አነሳለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ወቅት ከብርዱ ይልቅ ብርዱን እንከላከላለን ብለን የምናደርገው ነገር ነው ነፍስ የሚያጠፋው።

አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ጉም አላት። የክረምቱ ጉም ደመና ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ላይ ይቀመጥና ሲያሻው እስከ ሽሮ ሜዳ ይወርዳል። የበጋው ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለሆነ ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና አታገኝም። መሬቱ ሲቀዘቅዝ የነካውም አየር ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ከእንጦጦ ተነስቶ የቀጨኔንና የቀበናን ሸለቆ ይዞ ይወርዳል። አያቶቻችን በ1879 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍልውሃ ቢወርዱም ብርዱ እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት ይከተለናል።

ከዚህ ቀዝቃዛ አየር በላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይደፋል። የመኪናው፣ የማገዶው፣ የቆሻሻው ጭስ ክዳኑን አልፎ መውጣት ያቅተዋል። ጠዋት ከፍ ካለ ቦታ ስናይ ፒያሳ ላይ ተኝቶ የምናገኘው ግራጫ ነገር ይኸው ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ክዳኑ ይነሳል፤ ጭሱም ይበተናል።

ከተማዋ ላይ የሚሆነው ይህ ነገር በመኝታ ቤታችንም ይሆናል። ለዚያውም ጠዋት ክዳኑን የሚያነሳልን ፀሐይ ሳይመጣ።

አራዳ ተወልዶ ላደገ እንደ እኔ ያለ ሰው የከሰል ምድጃ የቤተሰብ አባል ነው። ቡናው የሚፈላው፣ የሕፃን ልብስ የሚደርቀው፣ አያት እጃቸውን የሚያሞቁት እሱ ላይ ነበር። ብዙዎቹ የሠራተኛ ሰፈርና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ግን የጭቃና የእንጨት ነበሩ። ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በሩ ከመቃኑ አይገጥምም፤ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ንፋስ ይገባል። ያ የምናማርረው ንፋስ ባለውለታችን ነበር፤ የከሰሉን መርዝ ይዞት ይወጣ ነበርና። ያም ሆኖ በእነዚያ ቤቶችም ከሰል ሰው ገድሏል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና አካባቢው ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ምድጃውም አብሮ ሄደ። አዲሱ ቤት ግን የብሎኬት ግድግዳ፣ የሚገጥም በር፣ የመስታወት መስኮት አለው። ንፋስ አያስገባም፤ መርዙንም አያስወጣም። እናቶቻችን ሠላሳ ዓመት ያደረጉትን እዚያ መድገም ሌላ ነገር ነው።

መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታም፣ ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። «ከሰሉ ቀልቷል፣ አይጨስም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ፍም ሆኖ አመድ የለበሰ ከሰልም መርዙን ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ቀድመው ይጎዳሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሰል የሚነደው ውጭ ወይም በር ተከፍቶ ነው። ቡናው ካለቀ በኋላ ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ፤ ሰው በተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይደር። ቀን መስኮት ከፍተን ፀሐይ እናስገባ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንዝጋ። ለአያት ከተደራረበ ጋቢ በተጨማሪ በደንብ የተከደነ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። ማታ አጥሚት ወይም የዝንጅብል ሻይ፣ ለእግር ካልሲ። ብርዱ የሚብሰው ጎህ ሲቀድ ነውና ሰርቪስ የሚጠብቁ ልጆች ሹራቡን ከዩኒፎርሙ ሥር ደርበው ይውጡ፤ ሲሞቃቸው ያወልቁታል።

ኅዳር 12ንም አልዘነጋሁም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማችንን አጥቅቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ቆሻሻ እናቃጥላለን። ሰፈር መጽዳቱ እሰየው። ጭሱ ግን ያ ክዳን ሥር ነው የሚቀረው። ቢቻል ቆሻሻው ተጠርጎ ይነሳ፤ ፕላስቲክና ጎማ ግን በምንም መንገድ እሳት ውስጥ አይግባ። አስም ያለበት ልጅ ወይም አያት ካሉ ጭሱ እስኪያልፍ ከአካባቢው ይራቁ።

ቤት ውስጥ ከሰል ኖሮ ሰው ራሱን ካመመው ወይም አልነቃ ካለ መጀመሪያ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ወተት ፍለጋ፣ ሎሚ ማሽተት ጊዜ ያባክናል፤ የሚያስፈልገው ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939 ነው፤ በርዎ ጀርባ ይጻፉት።

አያቶች ሆይ፣ በየቤታችሁ ቃላችሁ ይሰማል። ልጆቻችሁ ከእኛ ከጋዜጠኞቹ ይልቅ እናንተን ያምናሉ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት «ምድጃው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።