ችግኝ ከክረምት በኋላም ጠባቂ ይሻል

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረትን በዓል ለማክበር ወደ እንጦጦ የሚወጣ ምእመን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቆሙትን ዛፎች ልብ ብሎ ይመልከት። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ዕድሜ የሚያገኘው በየዕለቱ የሚጠብቀው ስላለ ነው። የእንጦጦ ተራራ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። አዲስ አበባ ስትቆረቆር አገር በቀሉ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። ባሕር ዛፍን አልረግምም፤ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗታል፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ልጅ ላሳደጉ እናቶችም እንጀራ ሆኗል። አሁን በጥድ፣ በወይራና በኮሶ ለመተካት መነሣቱ ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ከተከላው በኋላ ያለው ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሥር እስኪሰድ ድረስ ቁጥቋጦውን የሚመነጥርለት፣ አረሙን የሚነቅልለት፣ ከብት የሚከላከልለት፣ በበጋው ወራት ውኃ የሚያጠጣው ሰው ያስፈልገዋል። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የተተከለው ችግኝ ብዛት በአደባባይ ይነገራል፤ የጸደቀውም ኮረብታ በኮረብታ ተቆጥሮ ለነዋሪው ይነገር። የከተማ አስተዳደሩ ለየኮረብታው ቋሚ ተንከባካቢ በደመወዝ ይቅጠር፤ ቅድሚያውንም ተራራውን ጥግ በጥግ ለሚያውቁት፣ ጀርባቸው በማገዶ ሸክም ለጎበጠ የእንጦጦ ሴቶች ይስጥ።