ዕቁብ ሱቅ ይከፍታል፤ ጎረቤት ግን አያፈራም

ሃያ ዓመት በሰው አገር ኖሮ ቋንቋውን አጥርቶ የማይናገር ሰው ሲነሣ፣ ከመካከላችን «ሰነፍ ነው» ብሎ የሚፈርድ አይጠፋም። ይህ ፍርድ የችኮላ መሆኑን፣ ወደ አሜሪካ የፈለሱትን የመጀመሪያ ትውልድ ኮሪያውያን ምሳሌ አድርገን ለማስረዳት እንወዳለን።

አሜሪካ የስደተኞች ሕጓን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ካሻሻለች በኋላ ከገቡት ኮሪያውያን ብዙዎቹ በአገራቸው ከፍተኛ ትምህርት የቀሰሙ ነበሩ። ዳሩ ግን ዲፕሎማቸውን የሚቀበል መሥሪያ ቤት፣ አነጋገራቸውን የሚታገሥ አሠሪ እንደ ልብ አልተገኘም። ስለዚህ ብዙዎች በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ የሸቀጣ ሸቀጥ፣ የአትክልትና የልብስ ማጠቢያ ሱቆች ከፈቱ። ባንክ ያላበደራቸው «ኬ» ከሚሉት ማኅበር ይወስዱ ነበር። ኬ የእኛው ዕቁብ ማለት ነው፤ በየጊዜው ያዋጣሉ፣ በየተራ ይወስዳሉ፣ ዋሱም መተማመን ነው። እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ሲገናኙ ሥራ ፈላጊው ሥራ፣ ብቸኛው ዘመድ ያገኛል። በቀረው ቀን ባልና ሚስት ከንጋት እስከ ምሽት ሱቅ ይቆማሉ፤ የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ አንብቦ የሚተረጉምላቸው ተማሪ ልጃቸው ነው። እንግዲህ ቋንቋውን በየትኛው ሰዓት ይማሩት?

ይሁን እንጂ ማሞገስ ብቻ እውነቱን አያሟላም። ከሱቆቹ ብዙዎቹ ድኻ ጥቁሮች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ነበሩ፤ ሻጭና ገዢ በየቀኑ ቢተያዩም አይተዋወቁም። በ1991 በሎስ አንጀለስ አንዲት ኮሪያዊት ባለሱቅ የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ ተኩሳ ገደለች፤ ፍርድ ቤቱም ወህኒ ሳያወርዳት ቀረ። ቂሙ አደረ። በሚያዝያ 29 ቀን 1992 አንድ ጥቁር የደበደቡ ፖሊሶች በነጻ ሲለቀቁ ከተማው ነደደ፤ ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ፖሊስ አልደረሰላቸውም፤ በእንግሊዝኛ ቆሞ የሚናገርላቸውም ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ሆነው የተነሡት ልጆቻቸው ናቸው።

እኛ እንደሚመስለን ጥፋቱ የባለሱቆቹ ብቻ አይደለም። ግብር የሚቀበል መንግሥት ለስደተኛው የማታ ትምህርት ቤት፣ ለድኻው ሰፈር ፍትሕ ማቅረብ ይገባዋል። ነገር ግን ዕቁብ ሱቅ ይከፍታል እንጂ ጎረቤት አያፈራም። ነገ ከመካከላችን የሚሰደድ ቢኖር ዕቁቡን አይተው፤ ከባንኮኒው ማዶ የቆመውንም ሰው ስሙን ይጠይቅ።