በራሪ መኪናና ከበታቹ ያለው ሰው

በራሪ መኪና ገና ያልተፈለሰፈ፣ የመጪው ዘመን ሊቃውንት የሚሠሩት ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ግሌን ከርቲስ የተባለው አሜሪካዊ ክንፍ የተገጠመለት አውቶሞቢል ሠርቶ በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር፤ ምንም እንኳ ያ መኪና ከመሬት ብድግ ከማለት አልፎ በቅጡ ባይበርም። ሞልተን ቴይለር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በ1949 ያበረረው «ኤሮካር» ግን በእርግጥም የሚበር መኪና ነበር። በመንገድ ላይ ሲነዳ ክንፎቹ ታጥፈው እንደ ተጎታች ከኋላው ይከተሉታል፤ ለመብረር ሲፈለግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገጥማቸዋል። የአገሩ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣንም በ1956 መርምሮ ለበረራ ብቁ መሆኑን አረጋግጦለታል። ይሁን እንጂ በጠቅላላው የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው። አንድ ትልቅ ኩባንያ አምስት መቶ ገዢዎች ከተገኙ በብዛት ሊያመርተው ተስማምቶ ሳለ፣ የተገኙት የዚህ ቍጥር ግማሽ ያህል ብቻ ስለ ነበሩ ነገሩ ተቋርጦ ቀረ።

እንግዲህ ጥያቄው «በራሪ መኪና ሊሠራ ይችላል ወይ?» የሚል አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሕዝብ ጧት ወደ ሥራው፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመላለስበት መጓጓዣ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። አይሆንም ለማለት የሚያስደፍር በቂ ምክንያት አለ። ይኸውም ዋናው እንቅፋት ያለው በሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ከመኪናው በታች፣ በመሬት ላይ በመሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ መኪናና አውሮፕላን ጠባያቸው እርስ በርሱ የሚቃረን ነው። መኪና ጎማው መንገዱን ጨብጦ እንዲይዝ፣ ሲጋጭም ተሳፋሪውን እንዲያድን ከበድና ጠንከር ተደርጎ ይሠራል። አውሮፕላን ግን እያንዳንዷ ኪሎ የምትቈጠርበት ስለሆነ ቀላል መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ አካል ማዋሐድ ከሁለቱም ማጉደል ነው። ዳክዬ ትራመዳለች፣ ትዋኛለች፣ ትበራለች፤ ነገር ግን በሩጫ ከፈረስ፣ በበረራም ከንስር ጋር የሚያወዳድራት የለም። እ.ኤ.አ. በ1947 በካሊፎርኒያ ጣራው ላይ ክንፍና የአውሮፕላን ሞተር የተጫነበት መኪና በሙከራ ላይ ሳለ ነዳጅ አልቆበት ወድቋል። መኪናውና በላዩ የተጫነው አውሮፕላን የየራሳቸው የነዳጅ መለኪያ ስለ ነበራቸው አብራሪው የተመለከተው የመኪናውን ነበር ይባላል። ሰውዬው በሕይወት ተረፈ፤ የሠሪዎቹ ተስፋ ግን አልተረፈም።

በቅርቡም በስሎቫኪያ የተሠራ አንድ በራሪ መኪና በ2021 ከኒትራ ተነሥቶ በ35 ደቂቃ ብራቲስላቫ ከደረሰ በኋላ፣ በ2022 የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን የሚነሣውም የሚያርፈውም በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ነው፤ ነጂውም የአብራሪነት ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከቤቱ እስከ ሜዳው፣ ከሜዳውም እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ያንኑ የሸሸውን የመኪና ሰልፍ ተሰልፎ ይሄዳል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የብልሽት ነገር ነው። በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ሞተሩ ቢጠፋ ወይም ነዳጁ ቢያልቅ ነጂው ዳር ይዞ ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስበት ጉዳት ከቀጠሮው መዘግየት ነው። በአየር ላይ ግን ዳር የሚባል ነገር የለም። ሄንሪ ፎርድ ማንኛውም ሰው ሊገዛው የሚችል ትንሽ አውሮፕላን አሠርቶ በ1926 ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። በ1928 ግን አብራሪው ሃሪ ብሩክስ በፍሎሪዳ ጠረፍ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። በምርመራ እንደ ተገኘው፣ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ እርጥበት እንዳያስገባ በእንጨት ስንጥር ተወትፎ ስለ ነበር ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ነበር የጠፋው። ፎርድም ዕቅዱን ተወው። አንዲት የእንጨት ስንጥር ይህን ካደረገች፣ ፍሬኑን ሳያስፈትሽ፣ ዘይቱን ሳይቀይር ወራት የሚያሳልፍ ባለ መኪና በየሰፈሩ ሞልቶ ሳለ፣ ይኸው ሰው በቤቶች ጣራ ላይ ሲያልፍ ማሰቡ ራሱ ያስፈራል።

ሙያተኞች ብቻ ከያዙት አደጋው ይወገዳል የሚል ቢኖር፣ በኒው ዮርክ ከተማ የሆነውን ይመልከት። በዚያች ከተማ አንድ ኩባንያ ከ1953 ጀምሮ መንገደኞችን በሄሊኮፕተር ያመላልስ ነበር። በከተማይቱ እምብርት ከሚገኘው ባለ 59 ፎቅ ሕንፃ ጣራ ላይ ተነሥቶ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ የሚፈጅበት አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1977 ከቀትር በኋላ አንድ ሄሊኮፕተር በዚያ ጣራ ላይ አርፎ፣ ክንፎቹ እየተሽከረከሩ መንገደኞችን በመጫን ላይ ሳለ አንደኛው የማረፊያ እግሩ ተሰበረና በጎኑ ተደፋ። ብረቱ በብዙ ማረፍና መነሣት ደክሞ ኖሯል። ተሽከርካሪው ክንፍ በጣራው ላይ አራት ሰዎችን ገደለ። የክንፉም ስባሪ ከዚያ ሁሉ ፎቅ ቍልቍል ወርዶ፣ ከሕንፃው ራቅ ብሎ ባለ ጎዳና ላይ የነበረች አንዲት ሴት ገደለ።

አራቱ ለመሳፈር የመጡ ነበሩ፤ የጊዜያቸውን ቍጠባና የጕዞውን አደጋ በራሳቸው ሚዛን መዝነው ትኬት ቈርጠዋል ሊባል ይችላል። አምስተኛዋ ግን ትኬት አልቈረጠችም፤ ፈቃዷንም የጠየቃት የለም። ከራሷ በላይ ሰው የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር ስለ መኖሩ ያተረፈችው ነገር ቢኖር ጫጫታው ብቻ ነበር። የበራሪ መኪና ጥያቄ ሁሉ ተጨምቆ የሚገኘው በዚህች ሴት ሞት ውስጥ ነው። የጣራው አገልግሎት በዚያው ተዘጋ፤ ኩባንያውም በ1979 ሌላ አደጋ ከደረሰበት በኋላ ከሰረ።

እርግጥ ነው፣ መኪናም እግረኛን ይገድላል፤ ያውም በየዓመቱ እጅግ ብዙውን። ነገር ግን እግረኛ የመኪና አደጋ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣበት ያውቃል። የእግረኛ መንገድ ተለይቶለታል፤ ማቋረጫም ተሠምሮለታል፤ ቤቱ ከገባና በሩን ከዘጋ በኋላ አደጋው አይከተለውም። ሰማይ የመኪና መንገድ በሆነ ጊዜ ግን የእግረኛ መንገድ የሚባል አይኖርም። የተኛ ሕፃን፣ በክፍል የተቀመጠ ተማሪ፣ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ ሁሉ በጎዳና መካከል እንደ ቆመ ሰው ይቈጠራል።

የበራሪ መኪና ደጋፊዎች በዛሬው ቴክኖሎጂ ይመካሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ስላሉት አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ይደግፉታል፤ ቍጥጥሩንም ኮምፒዩተር ስለሚይዘው የሰው ስሕተት ይቀራል ይላሉ። ይህ ክርክር ክብደት የሌለው አይደለም። በቻይና ሁለት ሰው የሚይዝ፣ አብራሪ የሌለው እንዲህ ያለ መሣሪያ በ2023 ከመንግሥት የብቃት ማረጋገጫ አግኝቷል። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚሄደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ባትሪ የሚይዘው ኃይል አንድ ኪሎ ነዳጅ ከሚይዘው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነውና። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዳለችው አዲስ አበባ ባለ ከተማ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ሞተሮቹ ይበልጥ መድከም ይኖርባቸዋል። በጀርመን አገርም በዚሁ ሥራ ስመ ጥር የነበሩት ሊሊየምና ቮሎኮፕተር የተባሉ ኩባንያዎች ሁለቱም በ2024 ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው ወደ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ጫጫታውም ቢሆን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከባድ ነገር በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ብዙ አየር ያለማቋረጥ ወደ ታች መገፋት አለበት፤ ይህ ደግሞ ያለ ድምፅ አይሆንም።

ባለ ሀብቶች ይህን አይጠቀሙበትም ማለት አይደለም። በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ ከተማ ሄሊኮፕተር ከጣራ ወደ ጣራ ሲመላለስ ማየት ከተለመደ ቈይቷል፤ ከሥሩ ያለው የመኪና ሰልፍ ግን በዚህ ምክንያት አላጠረም። ሰልፉን የሚያሳጥረው በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጭን አውቶቡስና ባቡር ነው።

ይህ ሲባል ሰማይ ለመጓጓዣ አይረባም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ ከጀመረ በኋላ ዲሲ-3 አውሮፕላኖቹ መንገድ ባልደረሰባቸው አውራጃዎች በሣር ሜዳ ላይ ሳይቀር እያረፉ ሰውና ጭነት አመላልሰዋል። ተራራና ሸለቆ የቀናት ጕዞ ባደረገው አገር ላይ ክንፍ ቅንጦት አይደለም። በዛሬው ጊዜም በሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ሰው የማይጭኑ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሙሃንጋ አጠገብ እየተወነጨፉ በኮረብታ መካከል ላሉ ሆስፒታሎች ደም ያደርሳሉ። አውሮፕላኑ አያርፍም። ከሆስፒታሉ ግቢ በላይ ሲደርስ ዝቅ ይልና ጥቅሉን በወረቀት ጃንጥላ ለቆ ይመለሳል። በዚያ ኮረብታ ላይ የሚኖረው ገበሬ ከራሱ በላይ የሚሰማው ድምፅ፣ ለሚስቱ ወይም ለጎረቤቱ ሊሆን የሚችል ደም ይዞ የሚያልፍ ነው።