የ90 ቀን ፈቃድና የስድስት ወር ጡት

ነጋዴ ሒሳቡን በሚዘጋበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ጉድለቱን ነው። በንግድ ቤቶቻችን ውስጥ በየዓመቱ እየደረሰ በማናቸውም መዝገብ ላይ የማይጻፍ አንድ ጉድለት ስላለ፣ ይህንኑ ለተከበሩ አንባቢዎች ለማመልከት ወደድሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው፣ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ ውሃ እንኳ ሳይጨመርለት የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ሌላ ምግብ እየቀመሰ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ፈቃድ ሰጥቷል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ መሻሻሉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ወር 180 ቀን ያህል ነውና ሦስት ወር ገደማ ይጎድላል። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር በታች ከነበሩት ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከመቶው 59 ያህል ነበሩ።

የእናት ጡት እንደ ምንጭ እንጂ እንደ ጎተራ አይደለም፤ በተጠባ መጠን ይመነጫል፣ ባልተጠባ መጠን ይደርቃል። ስለዚህ ከጧት እስከ ማታ ገንዘብ መቀበያው ላይ የምትውል አራስ ጡቷ ሞልቶ ልብሷን እስኪያርሰው ድረስ ታፍራ ትቀመጣለች፤ ጥቂት ሳምንት ሲያልፍም «ወተቴ አነሰ» ብላ ጣሳ ትገዛለች። ያሳነሰው ግን ተፈጥሮዋ ሳይሆን የሥራ ሰዓቷ ነው።

አራስን ገንፎና አጥሚት ይዞ መጠየቅ የቆየ መልካም ልማዳችን ነው። እንገሩን ቆሻሻ ነው ብሎ ማስወገድ፣ ለጨቅላም ቅቤ ማስላስ ሊቀር የሚገባው ቢሆንም፣ እናትን ማገዙ ግን ሊጸና ይገባዋል። ይህ ልማድ በመደብሩ በር ላይ መቆም የለበትም።

ወጪውስ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 ለምታጠባ ሠራተኛ በየቀኑ እንደ ሥራ ሰዓት የሚቈጠርና የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲሰጣት ይላል። ከምሳ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብንሰጥ፣ በወር 26 የሥራ ቀን ሲታሰብ በሦስት ወር 78 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ዐሥር የሥራ ቀን አይሞላም። ዕቃውንና ደንበኛውን የምታውቅ ሠራተኛ ብትለቅ፣ አዲሷን እስክናስተምር ድረስ የሚጠፋው ከዚህ እንደሚበልጥ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

የሚያስፈልገው ዕቃም ቀላል ነው፤ በመጋረጃ የተከለለ ንጹሕ ስፍራ፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ። ቤቷ ቅርብ ከሆነ ሄዳ ታጥባ፤ ወይም ሕፃኑ ይምጣላት። ሩቅ ከሆነ፣ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ያለበችው ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባላለፈ ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቈያል። ለለስላሳ መጠጥ የገዛነው ማቀዝቀዣ ለዚህ አንድ ጥግ አያጣም።

«አንዲት ሠራተኛ ብቻ ያለችኝ ባለ ሱቅ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። ባለ ሱቅ ለጸሎት ወይም ለሶላት ሲሄድ ጎረቤቱ ሱቁን ይጠብቅለት የለምን? ለግማሽ ሰዓት ጡትም እንዲሁ ቢደረግ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለው ይሆናል።

የዱቄት ወተት ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ወንድሞቼም አንድ ቃል አለኝ። ንግዱ ይቅር አልልም፤ እናቱ የሞተችበት ወይም በሕመም ምክንያት ማጥባት የማትችል እናት ያለችው ሕፃን ያስፈልገዋልና። ነገር ግን የዓለም የጤና ጉባኤ በግንቦት 1973 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ ለእናቶች ነጻ ናሙና መስጠትን፣ ለሕዝብ ማስታወቅን፣ በጣሳውም ላይ የሕፃን ሥዕል ማድረግን ከልክሏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በነጻ የተሰጠው ጣሳ እስኪያልቅ ድረስ ጡቱ ይደርቃል፤ ድኻይቱም እናት ጣሳውን ለማብቃቃት ስትል ዱቄቱን ታቀጥነዋለች፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። በእንዲህ ያለ መንገድ የተገኘ ደንበኛ የንግድ ክብር አይሆንም።

የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት በየዓመቱ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ቀን ይውላል። እያንዳንዱ ንግድ ቤት ያን ጊዜ ሳይጠብቅ፣ በዚህ ዓመት የምትወልድ ሠራተኛ ብትኖረው፣ ወደ ሥራ ስትመለስ የሚሰጣትን ሰዓትና ስፍራ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት በጽሑፍ ቢያስታውቃት፣ እናቲቱ ያለ ሥጋት ታርሳለች፤ ጉድለቱም ይሞላል።