ለጥፈን እንከራከር

ሽሮ ሜዳ የአበሻ ቀሚስ የምንሸጥ ሰዎች አንድ ብልሃት አለን። ደንበኛዋ ፊት መጀመሪያ የምንዘረጋው ልንሸጥላት ያሰብነውን አይደለም፤ ጥለቱ የከበደውን፣ 15,000 ብር የምንጠራበትን ነው። ቀጥሎ የ6,000 ብሩ ሲወጣ ፊቷ ይፈታል። ይኸው ቀሚስ ከ3,000 ብሩ በኋላ ቢወጣ ግን «ምነው እቴ፣ ወርቅ አለው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ለዚህ ደንበኛዬን ሞኝ የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎቹ ካሚሎ ፓዶዋ ስኪዮፓ እና ጆን አሳድ ጦጣዎችን ሁለት ዓይነት ጭማቂ እያስመረጡ፣ ከዓይን ጉድጓድ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል የነርቭ ሴሎችን ምት መዘገቡ። የአንዳንዶቹ ሴሎች ምት የጭማቂውን ዓይነት ሳይሆን ለጦጣዋ ያለውን ዋጋ ይከተል ነበር። ፓዶዋ ስኪዮፓ በ2009 ደግሞ ሴሎቹ መለኪያቸውን እንደ ምርጫው ስፋት እንደሚቀይሩ አሳየ፦ የሚቀርበው መጠን ከትንሽ እስከ ብዙ ሲሰፋ፣ ለአንዲት ጭማሪ ጠብታ የሚሰጡት ምላሽ ይቀንሳል።

በሰውም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ትቨርስኪ እና ካነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ 15 ዶላር በሚያወጣ ካልኩሌተር ላይ 5 ዶላር ለማትረፍ 20 ደቂቃ እንነዳለን ያሉት 68 ከመቶ ነበሩ። ካልኩሌተሩ 125 ዶላር ሲሆን ግን 29 ከመቶ ብቻ። አምስቱ ዶላር ያው ነው።

ከጦጣ ሴል ወደ ሱቅ መሻገሩ የእኔ ድፍረት ነው። የምለው ግን ይህ ነው፦ ገዢዋ የምትለካበትን ሚዛን ሻጭ እንደ ልብሷ፣ እንደ አነጋገሯ፣ ከውጭ እንደ መምጣቷ እያየ ሊሠራላት አይገባም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ ያዛል። እኛ ሰፈር ግን የተለጠፈ ዋጋ ማየት ብርቅ ነው።

«ክርክር ባህላችን ነው» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። እኔም እወደዋለሁ፤ «ቀንሺልኝ» ሳትል የምትሄድ ደንበኛ ቅር ታሰኘኛለች። ዋጋ መለጠፍ ክርክርን አያስቀርም፣ መነሻውን ለሁሉም አንድ ያደርጋል እንጂ። የ15,000 ብሩም ከፊት ይሰቀል፤ የ3,000 ብሩ ግን ከመደርደሪያ ሥር አይደበቅ። ገዢዋ ከዳር እስከ ዳር ዓይታ ስታበቃ የፈለገችውን ትጠይቀኝ።

ትርፋችን ይቀንስ ይሆናል። የሚቀንሰው ግን ከጥለቱ ሳይሆን ከደንበኛዋ ግርታ ያገኘነው ነው፤ ሸማኔው ከእሱ ሳንቲም አልደረሰውም።