ከማሽኑ በፊት ሥራው



ባለፈው ሰንበት ከጸሎት ስንወጣ አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «መምህር፣ ልጄ ወረቀትና ጨርቅ የሚቆርጥ ማሽን ግዙልኝ አለችኝ። ልጆቿን እያሳደገች ቤቷ ሆና ልትሠራበት ነው። ሁለት ሺህ ሸቀል አጠራቅሜያለሁ፤ ልስጣት ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «እኛ በእጅ ሥራችን ስንሰደብ ኖረን መጣን። አሁን ልጄ ወደዚያው ትመለስ?» አሉ።

በሰንበት የገንዘብ ነገር አይወራምና «ሰንበት ይውጣና እንነጋገራለን» ብዬ ተለየኋቸው። ይህን ጥያቄ ከሌሎችም ስለሰማሁት መልሱን እዚህ ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ ምንድን ነው? ቁመናው ቤት ካለው የኮምፒውተር ማተሚያ ብዙም አይለይም። ማተሚያው ቀለም ይረጫል፤ ይኼኛው በቀለሙ ቦታ ትንሽ ስለት አለው። ልጅቷ ሥዕሉን ወይም ፊደሉን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ታዘጋጃለች፤ ወረቀቱን በሚያጣብቅ ሰሌዳ ላይ ለጥፋ ታስገባለች፤ ማሽኑም ይቆርጣል። በዚህ የባር ሚጽቫ ጥሪ ካርድ፣ የሠርግ ጌጥ፣ በር ላይ የሚለጠፍ የቤተሰብ ስም፣ በካናቴራ ላይ በካውያ የሚታተም ጽሑፍ ይሠራል።

እንግዲህ ልጃችሁ «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ስትላችሁ፣ እናንተ «ምን ልትሠሪበት ነው?» በሏት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሥራዎች በወረቀት ትጻፍ፤ ለማን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ስፋቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ። አባቶቻችን ማረሻም ማጭድም ሲቀጠቅጡ ለምን ሥራ እንደሆነ ሳያውቁ ብረቱን እሳት ውስጥ አይከቱትም ነበር።

ሥራው ካርድና ትንንሽ ተለጣፊ ብቻ ከሆነ ትንሹ ማሽን ይበቃል። ክሪከት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጆይ የሚለው ማሽን የሚቆርጠው ስፋት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለትልቅ ሰው ካናቴራ ግን ይጠባል። ለዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚቆርጥ ያስፈልጋል፤ የክሪከት ኤክስፕሎርና ሜከር፣ የሲሉዌት ካሜዮም በዚህ ስፋት ይገኛሉ። ኤክስፕሎር ለወረቀትና ለቪኒል ይበቃል። ሜከር ግን እስከ 4 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ይጫናል፤ የሚሽከረከር ስለት ስለሚቀበልም ጨርቅን ከጀርባው ምንም ሳይለጠፍበት ይቆርጣል፤ እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስስ እንጨትም ይችላል። ዋጋውም ይጨምራል። ልጃችሁ ጨርቅና እንጨት የማትቆርጥ ከሆነ ለማትጠቀምበት ኃይል አትክፈሉ።

ብራዘር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ ስካን ኤን ከት የሚል ማሽን አለው። በእጅ የተሳለን ሥዕል ራሱ አንብቦ ያለ ኮምፒውተር ይቆርጣል። የእናቷን የስፌት ጥለት በወረቀት ስላ ለምታስገባ ሴት ይህ ይመቻል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማሽኑን የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። የክሪከት ፕሮግራም በኩባንያው መዝገብ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ በብዛትም በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው። በማርች 2021 ኩባንያው «ወርሃዊ ክፍያ የማይከፍል ሰው በወር ከ20 በላይ የራሱን ሥዕል ማስገባት አይችልም» ብሎ አስታወቀ። ደንበኞቹ ጮኹ፤ ኩባንያውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ተወ። ነገሩ ቢያልፍም ትምህርት ነው፤ ማሽኑን ገዝታችሁ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ሊቀር ይችላል። የሲሉዌት ፕሮግራም በገዛ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ነገር ግን ኤስቪጂ የሚባለውን የሥዕል ፋይል ለመክፈት ተጨማሪ ክፍያ አለው። ስለዚህ «በነጻ የሚሠራው ምኑ ነው? የሚከፈልበትስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለቱም ፕሮግራሞች ማሽኑ ሳይገዛ በነጻ ኮምፒውተር ላይ ይጫናሉ። ልጃችሁ አስቀድማ ትጫንና «ሰላም» ብላ በአማርኛም በዕብራይስጥም ትጻፍ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ፣ ወይም ዕብራይስጡ ከኋላ ወደ ፊት ከተጻፈ፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ታውቃለች ማለት ነው። ለግዕዝ ፊደል እንደ አቢሲኒካ ያሉ በነጻ የሚገኙ የፊደል ዓይነቶች አሉ።

የፊደል ነገር ከተነሣ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ስትወጡ ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፉ። የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። ከውጭ ሆናችሁ በሩን ብታዩ አንበሳና የግዕዝ ጽሕፈት በድንጋይ ተቀርጸዋል። ኤልዔዘር ቤን ይሁዳም በዚያው ጎዳና ኖሯል። ልጆቻችን ካናቴራ ላይ አብረው የሚጽፏቸው ሁለቱ ፊደላት በዚያ ጠባብ መንገድ ጎረቤት ናቸው። አሁን ወን፣ ዐን፣ መን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ዓይን አላቸው። በድንጋይ ላይ የፊደሉ ዓይን ከሥሩ ተያይዞ ስለሚቀር አይወድቅም። ከወረቀት ላይ ፊደል ቆርጣችሁ ቀለም ልትቀቡበት ስትሉ ግን ዓይኑ ተቆርጦ ይወድቅና ፊደሉ ጥቁር ክብ ሆኖ ይቀራል። ቀጭን ድልድይ መተው ያስፈልጋል። በተለጣፊ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ዓይን በወረንጦ ማውጣት ነው፤ ልክ እንደ ምስር ለቀማ። ፊደሉ በጣም ካነሰ ይቀደዳል። ይህን ለቀማ የትኛውም ማሽን አይሠራላትም። የምታስከፍለው ዋጋ ይህን የእጇን ሰዓት መቁጠር አለበት።

የእኛን ቤት ጥፋት ልንገራችሁ። ለስግድ 12 ካናቴራ ልንሠራ እኔና ልጄ ሌሊት ተቀመጥን። በካውያ የሚለጠፈው ቪኒል ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ስለሚቆረጥ ጽሑፉ እንደ መስታወት መገልበጥ አለበት። እኛ ረሳነው። አሥራ ሁለቱንም ቆርጠን፣ ለቅመን፣ የመጀመሪያውን ካናቴራ ተኩሰን ስናነሣው አማርኛው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ዕብራይስጡ ከግራ ወደ ቀኝ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ቋንቋዎች መንገድ ተቀያየሩ! ሳቅን፤ ቪኒሉ ግን ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቆርጠን፣ አንድ ተኩሰን፣ አይተን ነው የቀረውን የምንቀጥለው።

ስለዚህ እናቴ፣ መልሴ ይህ ነው። ሁለት ሺሁን በሙሉ ለማሽኑ አያውሉት። ሩቡን ለቪኒል፣ ለትርፍ ስለትና ለሰሌዳ ያስቀሩ፤ ሰሌዳው ማጣበቁን ይተዋል፣ ስለቱም ይደነዝዛል። የሚያውቁት ሰው ማሽን ካለው ልጅዎ የመጀመሪያዋን ሥራ በእሱ ትሞክር። ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ መሰኪያውና 230 ቮልት መቀበሉ ይታይ፤ ዋስትናውም እዚህ አገር የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ተቀበሉ። የካርቱን ሥዕልና የኳስ ቡድን ዓርማ ያለ ፈቃድ ቆርጦ መሸጥ ክልክል ነው። መሸጥ ስትጀምር ኦሴክ ፓቱር ሆና ትመዝገብ፤ በ2025 የዓመቱ ገቢ ጣሪያ 120,000 ሸቀል ነበር። ለቢቱዋሕ ለኡሚም ታሳውቅ።

ስለ ስድቡ ጠይቀውኛል። እዚያ የተሰደብነው ሥራችን ክፉ ሆኖ አልነበረም። ርስት ተከልክለን በእጃችን አደርን፤ የሚሰድበንም ሰው በእኛ ማረሻ ያርስ፣ በእኛ ገንቦ ውኃ ይቀዳ ነበር። በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ በሸክላዋ ትታወቃለች። ልጅዎ ግን ዋጋውን ራሷ ትተምናለች፣ ስሟን ትጽፍበታለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ወደዚያው መመለስ አይደለም።

የሦስቱን ሥራዎች ዝርዝር ግን አስቀድመው ይቀበሏት። ዝርዝሩ ከሌለ ገንዘቡ ይቆይ።